የምሽጉ ደፍ

ከቡሬ ከተማ ዳር፣ የጣሊያን ምሽግ ፍርስራሽ ያለበት ጉብታ ለመኖሪያ ሲመራ ጥሩዬም አንድ ቦታ ደረሳት። "ደም የፈሰሰበት መሬት ቤት አይወጣውም" ያሏት ነበሩ። እሷ ግን ቤት ኪራይ ያንገሸገሻት ሴት ናትና አልሰማቻቸውም። ከወንድሟ ከባምላኩ ጋር ከፍርስራሹ ድንጋይ እየለቀመች መሠረት አስጣለች። የምሽጉ በር ደፍ፣ ያ ረጅም ጥርብ ድንጋይ፣ ሊነቀል ስላልቻለ እዚያው ባለበት ለቤቷ ደፍ አደረገችው።

ክረምት ሲገባ ነገር ጀመረ። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ ጸጥ ሲል፣ ከጓሮ ብረት መሬት ለመሬት ሲጎተት ይሰማታል። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትወጣለች። ርጥብ ሣር ብቻ ነው። ገብታ ቁጭ ስትል ይቀጥላል።

በዚያው ሰሞን አያ ገደፋው መምጣት አበዙ። ከላይኛው መንደር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ይመጡና ደፉ ላይ ይቀመጣሉ። ጠላ ብታቀርብላቸው ይመርቃሉ፣ ይጠጣሉ። "ዝናብ ነው፣ ይግቡ እንጂ" ብትላቸው ግን በጄ አይሉም።

"ምነው አያ፣ ቤቴን ተጸየፉት?" አለቻቸው አንድ ቀን።

"የለም እታለም። ከዚህች ድንጋይ እንዳላልፍ ተከልክያለሁ።"

"ማን ከለከለዎ?"

ሽማግሌው ደፉን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። "ልጅ ሳለሁ አባቴን ጣሊያን አስሮ በዚህ በር አስገባው። ስንቁን ይዤ ብከተል ዘበኛው፣ ያውም የአገራችን ሰው፣ 'እዚህች ላይ ጠብቅ፣ ይወጣል' አለኝ። ኋላ ጣሊያን ምሽጉን ጥሎ ሲሸሽ አገሩ ሁሉ ግር ብሎ ገባ። እኔ እዚችው ቆሜ የሚወጣውን ሳይ ዋልሁ። የታሰረው ሁሉ ወጣ፤ አባቴ አልወጣም። ካልወጣማ ውስጥ ነው።"

ጥሩዬ ዞር ብላ ቤቷን አየች። "ውስጥ" ያሉት እሷ የምትተኛበትን፣ እሳት የምታነድበትን ነው።

መስከረም ሲጠባ ባምላኩ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሊቆፍርላት ጓሮ ገባ። ወገቡ ድረስ እንደ ወረደ ዶማው ብረት መታ። ጥሩዬ ጎንበስ ብላ አየች። የሰው ቅልጥም ነው፤ የዛገ እግር ብረት እንዳጠለቀ።

"እንመልስበት" አለ ባምላኩ ግራ ቀኙን እያየ። "ማዘጋጃ ቤት ከሰማ ቅርስ ነው ብሎ ቦታውን ይነጥቅሻል። ሌላ ጥግ እቆፍርልሻለሁ።"

አፈሩን መለሱበት።

በማግስቱ አያ ገደፋው እንደ ልማዳቸው መጥተው ተቀመጡ። ጠላውን ቀዳችላቸው።

"መጠበቅ አይሰለችም፣ አያ?"

"አንቺንስ ሰለቸሽ?"

ባሏ ላቀው በደርግ ጊዜ ለውትድርና ታፍሶ ወደ ሰሜን እንደ ሄደ ቀርቷል። መንግሥት ሲለወጥ የተረፈው ተመለሰ፣ የሞተው መርዶው ተነገረ። የእሱ ግን ወሬው ጠፋ። ጥሩዬ ጥቁር አልለበሰች፣ ሌላ አላገባች፤ እንዲሁ ተንጠልጥላ ቀረች። አሁን አንድ ሐሳብ እንደ ብርድ ገባባት፤ አንዲት የማታውቃት ሴት፣ በማታውቀው አገር፣ ላቀውን ከጓሮዋ አግኝታ አፈር መልሳበት ይሆን?

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። "አያ፣ ይነሱ። ይግቡ። የሚያዩት አለ።"

ሽማግሌው ፊቷን አዩና ሳይጠይቋት ገባቸው። ትከሻዋን ይዘው እግራቸውን አነሡ። እግራቸው ከደፉ በላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ከዚያ ተሻገሩ።

ከጓሮው ሌላ ጥግ ሲቆፍር የነበረው ባምላኩ እያጉረመረመ ዶማውን አነሣ። አፈሩ ሲገለጥ ግን ዶማውን ጥሎ ጎንበስ አለ። ሰውየው አንድ አልነበረም። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተጋድመዋል፤ እግር ብረቱ የአንዱን ቀኝ እግር ከሌላው ግራ እግር አቆራኝቷል።

"የቱ ነው አባቴ?" አሉ አያ ገደፋው። ተንበርክከው አንዱን ራስ አዩ፣ ወዲያው ሌላውን። ደጋግመው አዩ። በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አብረው ታስረዋል፣ አብረው ይቀበሩ። እኔ ለያይቼ የት አውቃቸዋለሁ?"

የማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጥተው አዩ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ አጽሙ እንዲቀበር ፈቅደው ጉድጓዱን ግን እንዳትነካ አዝዘዋት ሄዱ። ቦታዋን የነካባት የለም።

በቀብሩ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጢም ብሎ ሞላ። ቄስ ይርሳው ፍትሐት ሊጀምሩ የክርስትና ስም ጠየቁ።

"ወልደ ገብርኤል" አሉ አያ ገደፋው፣ የአባታቸውን።

"የሁለተኛውስ?"

ከኋላ አንዱ፣ "ማን ያውቃል፣ ባንዳስ እንደ ሆነ?" ሲል ተሰማ።

"ኃይለ ሚካኤል ይበሉት" አለች ጥሩዬ።

ባምላኩ ክንዷን ጨበጣት። የላቀው የክርስትና ስም ነው። "አብደሻል? ሰውየው በሕይወት ቢኖርስ?"

"ካለ ይምጣና ይቆጣኝ።"

ቄስ ይርሳው አንዴ አይተዋት ጸሎቱን ጀመሩ። ስሙ ሲጠራ ጥሩዬ እስከዚያ ቀን ወጥቷት የማያውቅ ጩኸት ጮኸች። የሰፈሩ ሴቶችም ለማን እንደምታለቅስ ሳይጠይቋት ተቀበሏት።