ከግራሞፎኑ አጠገብ ያለችው እጅ

«ኧረ በእግዜር! አንድ ጉርድ ፎቶ እንኳ የለውም?» አለች የሟች እህት፣ ሌላ ካርቶን ምንጣፉ ላይ እየዘረገፈች።

ለቀስተኛው ሻዩን ይዞ አንገቱን አሰገገ። ሚስትየዋ የተዘረገፉትን ፎቶዎች ትለቅማለች። ባሏ የሥራ ቀን የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ይውላል፤ ቅዳሜና እሁድ ካሜራውን አንግቶ ይጠፋል። ወይ ዘፋኝ ካለበት መድረክ ሥር ነው፣ ወይ የሰው ጓሮ ገብቶ የዛገ ማሽን ፊት ተንበርክኳል። ካሜራውን ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ የገዛ ሠርጉን እንኳ ያነሳው ራሱ ስለሆነ አልበሙ ውስጥ ሙሽራዋ ብቻዋን ቆማለች። የመታወቂያውን ፎቶ ደግሞ ላብ በልቶታል።

«እኔንስ ስንቴ አነሳኝ!» አለች ጥግ የተቀመጠች ዘፋኝ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «እንደሱ አድርጎ ያየኝ ሰው የለም።»

ሚስትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ግድግዳው ላይ ዘፋኞቹ አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። ለእነሱ ያን ያህል ዓይን የነበረው ሰው፣ ቤት ሲገባ ቀና ብሎ አያያትም ነበር። ይህ ያንገበግባታል፤ ግን የሞተ አይታማም ብላ ዋጠችው። ቤቱ በሰው ተጨናንቆ እሷ ብቻዋን ነበረች።

ባሏ እሷን የሚፈልጋት ለማሽኖቹ ብቻ ነበር።

«ነይ እስቲ፣ እጅሽን አስጠጊ» ይላታል። የማሽኑ ትልቅነት እንዲታወቅ ሁልጊዜ እጇ አጠገቡ መሆን አለበት። የጽሕፈት መኪና፣ የስፌት መኪና፣ የጋዝ ፋኖስ፣ ሁሉም ከእጇ ጋር ተነስተዋል።

«ለምን ማስመሪያ አታስቀምጥም?» አለችው አንድ ቀን፣ አሮጌ ማተሚያ ማሽን አጠገብ ፀሐይ እየጠበሳት።

«ማስመሪያ ምን ያደርግልኛል? እኔ የማውቀው ያንቺን እጅ ነው። እንዳታንቀሳቅሺ!»

ፊቴንስ ታውቀዋለህ? ልትለው ፈልጋ ነበር። ሳቀችና ተወችው።

«ይኸውልሽ፣ ይኸም እጅ፣ ያም እጅ» አለች የሟች እህት፣ ፎቶዎቹን እያገላበጠች። «የማን እጅ ነው ደግሞ?»

ሚስትየዋ ከካርቶኑ ግርጌ የግራሞፎን ፎቶ አውጥታ ወደ መስኮቱ ሄዳ ነበር። የናስ ጡሩምባው ተወልውሎ መስታወት ሆኗል። እጇ በግራ በኩል ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች። ናሱ ውስጥ ደግሞ፣ በማቆሚያ ላይ ከተተከለው ካሜራ ጎን፣ እሱ ቆሟል። ወደ ግራሞፎኑ አይደለም የሚያየው። ወደ እሷ ዞሮ ፊቱ በሙሉ እየሳቀ ነው።

እስካሁን ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰች። ያያት ነበር! እሷ ዓይኗን ማሽኑ ላይ ተክላ፣ እንዳላንቀሳቅስ ስትል፣ ያያት ነበር።

«ተገኘ!» አለች የሟች እህት፣ ከትከሻዋ በላይ አጮልቃ። «በይ ስጪኝ፤ ፎቶ ቤት ወስጄ አሳድገዋለሁ።»

በማግስቱ ፎቶው በመስታወት ክፈፍ ሆኖ መጣ። ፊቱ ደብዘዝ ቢልም እሱ ነው፤ ይስቃል። ለቀስተኛው እንደ አዲስ አለቀሰ።

«ባለ ፎቶ ቤቱ እጁ ይባረክ» አለች የሟች እህት። «ፊቱ እንዲጎላ ብሎ ትርፉን ሁሉ ቆረጠልኝ። አንዲት እጅ ገብታ ታበላሸው ነበር።»

ሚስትየዋ ክፈፉን ተቀብላ ግራ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች። ግራሞፎኑ የለም፤ እጇም የለችም። እሱ ብቻውን ወደ ጎን እያየ ይስቃል።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እታለም» አለች። ሌላ ምን ትበል? ሴትየዋ በደግ ልብ ነው ያደረገችው።

ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ወንበሯን በግራ በኩል ስባ ተቀመጠች። አዲስ ለቀስተኞች እየገቡ «እግዜር ያጽናሽ» ሲሏት፣ የምትጨብጣቸው በአንድ እጇ ነበር። ሌላኛውን ክፈፉ ካለቀበት ቦታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አስጠግታዋለች። እስኪወጡ ድረስ አላንቀሳቀሰችውም።