የዋና ተቃራኒ

የነርስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ውጤት በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ዕለት የእህቴ ልጅ ስሟን ፈልጋ አጣችው። አሻንጉሊት መርፌ እየወጋች፣ የጎረቤት ድመት እግር በጨርቅ እየጠቀለለች ያደገች ልጅ ናት፤ ከነርስ ሌላ ነገር እሆናለሁ ስትል ሰምቻት አላውቅም። አንድ ነጥብ ጎደላት። ከሰዓት ከተፈተኑት ነበረች፤ እኔ ደግሞ ፈተናውን በሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤት የምሠራ አክስቷ ነኝ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ምስኪን» የሚል አልነበረም። «ምን ሠርተውባት ይሆን?» የሚል ነበር።

ባሕር ማዶ ሄጄ የተማርኩት ይህንኑ ሙያ ነው። አዳራሹ ለሁሉም ስለማይበቃ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ይፈተናል። ጠዋት የወጣው ለከሰዓቱ እንዳያቀብል ጥያቄዎቹ ይለያያሉ። ታዲያ ጠዋት ስልሳ ያገኘና ከሰዓት ስልሳ ያገኘ እኩል ናቸው? አንዱ በስንዝር፣ ሌላው በክንድ ለክተው ሁለቱም «አሥር ነው» ቢሉ ማን ያምናቸዋል? ለዚህ ሲባል በሁለቱም ወረቀት ላይ ፍጹም አንድ የሆኑ ጥቂት ጥያቄዎች እንበትናለን። ድልድይ እንላቸዋለን። ሁለቱ ወገኖች ድልድዩን እኩል ከተሻገሩ ችሎታቸው እኩል ነው፤ በቀረው ላይ ከሰዓቶቹ ዝቅ ካሉ ወረቀቱ ከብዷቸው ነውና ነጥብ ይጨመርላቸዋል። ድልድዩ ላይም ዝቅ ካሉ ግን የደከሙት ራሳቸው ናቸው፤ ምንም አይጨመርም።

ዘንድሮ ምንም አልተጨመረም።

ስሌቱ ሲሠራ እኔ ከክፍሉ ውጪ ነበርኩ። ዘመዱ የተፈተነ ሰው እንዲወጣ ደንቡ ያዛል፤ ራሴ ተናግሬ ወጣሁ። አለቃዬ በሩን ከኋላዬ ዘጉት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያ በር ከዓይኔ አልጠፋም።

አለቃዬ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ቀድሞ ቋንቋ ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ። ሰው አንዴ ከተጠረጠረ ሳሉም ያስጠረጥራል። ስልክ ሲደወልላቸው ወደ መስኮቱ ይዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሺ፣ ይታሰብበታል» ይላሉ። ምኑ ነው የሚታሰብበት? የማን ልጅ?

በማግስቱ ቢሯቸው ገባሁ።

«ጋሼ፣ የድልድዮቹን ውጤት ማየት እፈልጋለሁ። የቅሬታ ሳምንት ነው፤ ማንም መጠየቅ ይችላል።»

«ማንም ይችላል። አንቺ ግን ማንም አይደለሽም፤ አክስት ነሽ።»

«አክስትነት ቁጥር አያሳስትም።»

«አያሳስትም? አክስት ያላሳሳተችው ምን አለ!» ብለው ሳቁ። «ስሚኝ ልጄ፣ ከባሕር ማዶ ከመጣሽ ጀምሮ ሁላችንም ሌባ መስለን ታየንሽ። መሳቢያሽን ውኃ ልትጠጪ ስትነሺ እንኳ ትቆልፊያለሽ አሉ።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ ጋሼ።»

«የጠረጠረም እንቅልፍ አጣ ይባላል።»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ። አሁን።» እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። «ሂጂ፣ ዝምታ ያሳይሽ። ስም የሌለበትን ብቻ።»

ዝምታ የምንለው ስሌቱን የሚሠራው ባልደረባዬ ነው። ቢሮው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ከካርቶን ክምር ጀርባ ነው። ቅሬታዬን ሳልጨርስ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። እያንዳንዱ ድልድይ አንድ ነጥብ ሆኖ ተሥሏል፤ ሁሉም ሽቦ ላይ እንዳረፉ ወፎች በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። አንዷ ብቻ ከሽቦው ወድቃለች።

«ይቺስ?»

«የቃል ጥያቄ ናት። ጠዋቶቹ ተጫወቱባት፤ ከሰዓቶቹ አለቁባት።»

«ብትወጣስ?»

«ለከሰዓቶቹ ነጥብ ይጨመራል።»

«ታዲያ ለምን አላወጣሃትም?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «አለቃ ትቆይ አሉ።»

በቃ፣ ያዝኳቸው አልኩ በልቤ። ጥያቄዋ ሾልካለች። ጠዋት የተፈተነ የአንድ ሰው ልጅ፣ የአንድ ሰው ወንድም፣ ከነጓደኞቹ አስቀድሞ አግኝቷታል፤ እነሱ ብልህ ሲመስሉ ከሰዓቶቹ ደነዝ መሰሉ። የቀረኝ በማን እጅ እንደሾለከች ማወቅ ነበር። እሱንም ያወቅኩት መስሎኝ ነበር።

ከሥራ ስወጣ እህቴ ቤት ሄድኩ። በሩን ስትከፍት ፊቷ እንደተጨመቀ ልብስ ውኃ ጠፍቶበታል።

«መጣሽ? አንቺ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ልጄ በአንድ ነጥብ ትውደቅ?»

«እትዬ፣ እኔ ስሌቱ ውስጥ...»

«ተዪኝ! ዘመድ ካልደረሰ ምኑ ዘመድ ነው? የሩቅ ሰው ይሻላል።»

ልጅቷ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና ከባዱ ጥያቄ የቱ እንደነበር ጠየቅኳት።

«ከባዱስ ሒሳቡ ነው። ያሳበደኝ ግን የዋናው ነው።»

ከአፏ የወጣው ላልቶ ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚዋኙት ዋና።

«የምን ዋና?»

«አንድ ረጅም ምንባብ ነበረ፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ሐኪም ዋና ስለማዘዙ። ገንዳ፣ ትንፋሽ፣ ምናምን። እሱን ጨርሼ ገጹን ስገልጥ «የዋና ተቃራኒ የትኛው ነው?» ይላል። አንዱ ምርጫ ቅርንጫፍ፣ አንዱ መስመጥ። እኔ ቂሏ ቅርንጫፍ ብዬ ቁጭ!»

«ለምን ቅርንጫፍ አልሽ?»

«እኔ እንጃ። አባባ ሁልጊዜ «ከዋና መሥሪያ ቤት ወደ ቅርንጫፍ አዛወሩኝ» እያለ ሲያማርር ስለምሰማ ይሆናል። ስንወጣ ግቢው በሙሉ ሳቀብኝ። «አንቺ፣ ዛፍ ላይ ነው እንዴ የምትዋኚው?» ይሉኛል። «ይቺ ነርስ ብትሆን በሽተኛውን ቅርንጫፍ ላይ ነው የምትሰቅለው!» ሁሉም መስመጥ ነው ያሉት፣ አክስቴ። ያቺ ናት አንዷ ነጥቤ።»

ዋና ጠብቆ ሲነበብ ዋነኛው፣ ትልቁ ማለት ነው፤ ተቃራኒውም ቅርንጫፍ። ላልቶ ሲነበብ ውኃ ነው፤ ያኔ መስመጥ ደንበኛ መልስ ይሆናል። ፊደሉ ግን ለሁለቱም ያው ነው፤ አንባቢ የሚያጠብቀውም የሚያላላውም ከፊቱ ባነበበው ቃል ነው። ልጆቹን ገንዳ ውስጥ ከተን ስናበቃ ገና ሳይደርቁ ነው ዋናን የጠየቅናቸው።

ማንም ምንም አላሾለከም ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህ ደስ አላለኝም፤ ሌባው በእጄ የገባ መስሎኝ ነበር።

ጠዋት ዝምታን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ስለ ወደቀችው ጥያቄ ስጀምር ፊታቸው በራ።

«እሷን እኔ ነኝ የጻፍኳት። መስመጥ የምትለዋን ሆን ብዬ ነው ያስገባኋት። ወጥመድ የሌለው ጥያቄ ምኑ ጥያቄ ነው?»

«የጠዋቱ ወረቀት ላይ ከፊቷ ያለው ምንባብ ስለ መንገድ ጥገና ነው። የከሰዓቱ ላይ ስለ ዋና ነው። የሚዋኙት ዋና።»

«ቢሆንስ? እኔ እኮ አጥብቄ ነው የጻፍኩት!»

«ፊደሉ አይጠብቅም፣ ጋሼ።»

ዝምታ ሳቁ አመለጠው። አለቃዬ ገላመጡትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህን ከማን ሰማሽ?»

ከሌላ ተፈታኝ ብል ይቀለኝ ነበር። «ከእህቴ ልጅ» አልኩ።

«አየሽ! ገና ጥያቄዋ ከመስመር እንደወጣች ሲያሳየኝ ይህን ነው የፈራሁት። የእህትሽ ልጅ ከሰዓት እንደተፈተነች እያወቅን ከሰዓቱን የሚጠቅም ነገር ብናደርግ ምን ይባላል? ለዘመዳቸው ድልድይ አፈረሱ! ትቆይ ያልኩት ለዚህ ነው።»

ደንቡን አክብሬ የተናገርኩት ነገር ነው ልጅቷን የጣላት ማለት ነው። አመንኳቸው? ግማሹን።

«እሷ ቅርንጫፍ ብላ በትክክል ነው የመለሰችው» አልኩ። «የጎዳት የሌሎቹ መስመጥ ነው። እነሱ ስለሰመጡ ወገኑ በሙሉ ደካማ ተባለ፤ ደካማ ስለተባለ ነጥብ ተከለከለ። እኔን አይመኑኝ። ወረቀቱን ግን ያንብቡት።»

ከብረት ቁም ሳጥኑ ውስጥ የከሰዓቱን ወረቀት አውጥተው መነጽራቸውን አደረጉ። ድምፅ ሳያወጡ በከንፈራቸው የሚያነቡ ሰው ናቸው። የዋናውን ምንባብ እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ ገጹን ገለጡ፤ ወደ ጥያቄዋ ደረሱ። ከንፈራቸውን እያየሁ ነበር። «ዋና» ላላ።

እሳቸውም ሳይታወቃቸው አልቀረም። ወረቀቱን አጥፈው አስቀመጡት።

«ውጪ» አሉኝ። «እኔና እሱ እንደገና እንሠራዋለን። አንቺ ኮሪደሩም ላይ እንዳትቆሚ፤ ሰው ያይሻል።»

ጥያቄዋ ከድልድይነት ወጣች። ለከሰዓቶቹ ነጥብ ተጨመረላቸው፤ የተስተካከለው ውጤት ከነምክንያቱ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ፤ የእህቴ ልጅ ስም ወጣ። የትምህርት ቤቱ መቀመጫ ግን አልጨመረም፤ ከሰዓቶቹ በገቡ ልክ ከጠዋቶቹ ሰዎች ወጡ። አለቃዬ ኮሪደር ላይ አገኙኝና፣

«እንግዲህ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ» አሉኝ።

«ምን ይላል?»

«አንቺ ስለ እኔ ያልሽውን ነዋ።»

እህቴ በር ላይ አንገቴን አንቃ ሳመችኝ። «ዘመድ ማለት እንዲህ ነው! ተቆጥቼሽ ነበር፣ አፌን ይቁረጠው!» ስለ ድልድዩ፣ ስለ ምንባቡ፣ ስለ ጠብቆና ላልቶ ማስረዳት ጀመርኩ። ተነስታ መስኮቱን ዘጋች።

«እሺ፣ እሺ፣ ቀስ በይ። ገብቶኛል። ከዚህ ቤት አይወጣም።»

«እትዬ፣ የሚደበቅ ነገር የለውም እኮ!»

«እኔስ ምን አልኩ? አይወጣም አልኩ» ብላ ጠቀሰችኝ።

ልጅቷ አልሳቀችም። ስሄድ እስከ ውጪው በር ሸኘችኝ።

«አክስቴ፣ አስገብተሽኝ ነው?»

«ራስሽ ነሽ የገባሽው። መልስሽ ትክክል ነበር።»

«አንቺ እዚያ ባትሠሪስ?»

«ያኔም ትክክል ነበርሽ።»

«መግባቴን ነው የጠየቅኩሽ።»

ነጠላዬን አስተካከልኩ። በሩን በትከሻዋ ደግፋ ቆማለች።

«በእኔ ቦታ የወጣ ሰው አለ?»

«አለ። ከጠዋቶቹ።»

«ምን አጠፋ?»

«ምንም። መጀመሪያውኑ የገባው በተሳሳተ ስሌት ነው። ምክንያቱ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል።»

«እማዬ እንኳን ከአፍሽ ሰምታ አላመነችም፤ እሱ ከሰሌዳ አንብቦ ሊያምን? እኔ ብሆን አላምንም።» የበሩን መቀርቀሪያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስታንቀሳቅስ ቆየች። «ነገ ልመዘገብ እሄዳለሁ» አለች በመጨረሻ። «አንቺ ግን አብረሽኝ እንዳትመጪ።»