ባህሩ መኪናውን ቻርጅ ሲያደርግ

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አሠሪዬ ባባ ቤተሰቡን ሳሎን ሰብስበው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ አዲሱ መኪና ቤንዚን እንደማይጠጣ በይፋ አስታወቁ። መኪናው ግቢ ውስጥ ከቆመ ሦስት ቀኑ ነበር። እኔም የሻይ ትሪ እንደያዝኩ ተገረምኩ፤ መገረምም ሥራ ነው።

«ሳምንት እንሞክረው» አሉ። «ለቤታችን ከበቃ እንገዛዋለን።»

ማዳም ከእናታቸው ቤትና ከጂም በቀር የትም እንደማይሄዱ ተናገሩ። ባባ ከመሥሪያ ቤት በቀር፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት በቀር። ቢደመር በቀን አርባ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ መኪናው አንዴ ቻርጅ ከተደረገ አራት መቶ ይሄዳል።

የተጨነቀው ሹፌሩ ባህሩ ብቻ ነው። ታናሽ ወንድሙ አብዱ ጉበይራ የሚባል ሰፈር ብየዳ ቤት ይሠራል። ባህሩ በሳምንት ሁለቴ «ቤንዚን ልሞላ» ብሎ ይወጣና ከሱ ጋር ምሳ ይበላል።

«ኸላስ፣ አበቃ፣ ሀቢባ እህቴ» አለኝ ኩሽና መጥቶ። «ቤንዚን ከሌለ አብዱም የለም።»

«ቻርጅስ አይፈልግም?»

አፍጥጦ አየኝ። «ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሹፌሩ እኔ ነኝ እንዴ?»

በማግስቱ ባህሩ ጣቢያ ሄዶ ቻርጅ ማድረግ ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ወረፋም እንዳለው ለባባ ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ ለኤሌክትሪክ መኪና እንደሱ የሚሟገት በሪያድ አልነበረም። ማዳም «ግድግዳው ላይ ቻርጀር ቢገጠም እኮ እዚሁ ተሰክቶ ያድራል» ሲሉ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«የዚህ ቤት ግድግዳ ደካማ ነው፣ ማዳም» አለ። ግድግዳው ኮንክሪት ነው።

ዓርብ፣ ሊወሰን፣ ሁላችንም ተሳፈርን። ባባ ስክሪኑን ነካ አደረጉት። መኪናው በሴት ድምፅ፣ በጠራ አረብኛ፣ በሳምንቱ የዋለባቸውን ቦታዎች ይቆጥር ጀመር።

«ባስቡሳ ቤት፣ አምስት ጊዜ።» ባባ ስኳር ከተገኘባቸው ወዲህ ባስቡሳም ሆነ ሌላ ጣፋጭ በዓይናቸውም አያዩም፤ ራሳቸው ናቸው የነገሩን።

«ወርቅ ገበያ፣ አራት ጊዜ።» የማዳም ጂም አልተጠራም።

«ባጥሐ ገበያ፣ ሁለት ጊዜ።» ይኼኛው የኔ ነው። ሽንኩርቱን ከጎረቤት ሱቅ ነው የገዛሁት ብዬ ነበር።

«ጉበይራ፣ ሦስት ጊዜ።»

ማንም ማንንም አላየም። ባባ ቀስ ብለው ቀበቷቸውን አሰሩ።

«ባህሩ፣ ጉበይራ ማን አለ?»

«ወንድሜ፣ ባባ።»

«ያላ፣ ንዳው» አሉ። «ባስቡሳ ይወዳል?»