የተነከሰ ሰው ካለ መኪና እንልካለን

ሦስተኛው ደብዳቤ የደረሰ ዕለት እትዬ አንቀጽ ሥልሳ ሁለት ዓመቷን ረስታ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ታናሽ እህቷ ልብስ ወደምታሰጣበት ሰገነት ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«አንብቢው!»

«እጄ እርጥብ ነው እትዬ፤ አንቺው አንብቢልኝ።»

«‹በተደረገው ማጣራት እንስሳው በመልካም ሁኔታ ላይ መሆኑ ስለተረጋገጠ ጥቆማው ተዘግቷል።› በመልካም ሁኔታ! ሰማሽ? የእኔ ደም ግፊት ነው በመልካም ሁኔታ ላይ ያለው!»

እህትየው የትራስ ልብሱን ጨመቀችና ወደ ታች አየች። ታች የጎሚስታው ግቢ ነው። አሮጌ ጎማ እስከ አጥሩ ጫፍ ተቆልሏል፤ ከክምሩ ሥር፣ ከብረት ምሰሶ ጋር፣ ወንበዴ ታስሯል። ወንበዴ ውሻ ነው። ስሙን ያወጣለት ጎሚስታው ነው፤ ሌባ እንዲፈራው ብሎ። ወንበዴ ግን በዕድሜው ያስፈራራው ፍጥረት የለም። ዝንብ ሲያርፍበት እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ጆሮውን ብቻ ነው ቀስ አድርጎ የሚያነቃንቀው። ቡችላ ሳለ የተጠለቀለት ሰንሰለት ዛሬም አንገቱ ላይ ነው። ውሻው አደገ፤ ሰንሰለቱ አላደገም። ሥጋው ብረቱን ቀለበት በቀለበት እየዋጠው ሄደ፤ ነፋሱ ወደ ላይ ሲነሳ ሽታው ሰገነቱ ድረስ ይመጣል።

ይህን እትዬ አንቀጽ ሦስት ጊዜ ጽፋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት መጻፍ አያቅታትም። ከጎረቤት ጨው ስትበደር እንኳ ሕግ ትጠቅሳለች፤ ሰፈሩ ስሟን ትቶ «አንቀጽ» የሚላት ለዚህ ነው። ከሰገነቱ በስልኳ ያነሳችውን ፎቶም አያይዛለች፤ «ግልጽ አይደለም» ተብሎ ተመልሶላታል። ሦስቱንም ጊዜ የእንስሳት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤቱ ያደረገው አንድ ነው፤ ከመምጣቱ አምስት ቀን በፊት ለጎሚስታው ደብዳቤ ይልካል። አምስት ቀን! ሰውዬው ግቢውን ይጠርጋል፣ አዲስ የውሃ ሳህን ይገዛል፣ በቁስሉ ላይ መዳፍ የሚያህል የቆዳ ቀበቶ ያስራል። ተቆጣጣሪው ይመጣና ከበሩ ላይ ቆሞ ያያል። ሳህኑን ያያል። ይጽፋል። ይሄዳል። በዳይን ቀጠሮ አስይዞ የሚጎበኝ ቢሮ፣ ቢሮ ሳይሆን ዘመድ ነው።

«እሄዳለሁ» አለች።

«የት?»

«እነሱ ዘንድ። ዛሬ ወይ እነሱ ያብዳሉ ወይ እኔ።»

«እነሱስ ደመወዝ አላቸው፤ አያብዱም» አለች እህትየው። «ብቻ የኔን ስም እንዳታስገቢ። ሰውዬው አፉ ክፉ ነው፤ በደጁ ነው የማልፈው።»

የጽሕፈት ቤቱ ወረፋ ረጅም አልነበረም። ከፊቷ የቆመው ሰው እግሩን በፎጣ ጠቅልሏል፤ የጎረቤት ውሻ ነክሶት ነው። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ራሱ ተቆጣጣሪው ነበር፣ ያ በር ላይ ቆሞ የሚያየው። ፎጣውን እንዳየ ስልክ አነሳ፤ ስልኩን ሳያስቀምጥ ውጭ የመኪና ሞተር ሲነሳ ተሰማ። እትዬ አንቀጽ ሰዓቷን አየች። አራት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

«ለእሱ መኪና ወጣ» አለች ተራዋ ሲደርስ።

«ተነክሷል እኮ እናቴ።»

«እናትህ አይደለሁም፤ ብሆን ኖሮ ጆሮህን እቆነጥጥህ ነበር። ለኔ ውሻ አምስት ቀን፣ ለእሱ አራት ደቂቃ። ለምን?»

«ሰው የጎዳ እንስሳ ድንገተኛ ነው። የተነከሰ ሰው ካለ መኪና እንልካለን።»

«እንስሳ የጎዳ ሰውስ?»

«እሱ... አስተዳደራዊ ነው።»

«ስለዚህ ውሻው እንድታድኑት መጀመሪያ መንከስ አለበት ማለት ነው?»

ተቆጣጣሪው ክፉ ሰው አይደለም፣ ደካማ ነው። ደካማ ሰው ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። ግድግዳው ላይ መመሪያው ተለጥፏል። እትዬ አንቀጽ መነጽሯን አደረገችና ቆማ አነበበች። ሰውን የነከሰ ወይም የቧጨረ እንስሳ ወዲያውኑ ተይዞ ለአሥር ቀን በእንስሳት ሐኪም ይመረመራል። ወዲያውኑ። በሐኪም። ከታች «በጀርባው ይመልከቱ» የሚል ነበረ፤ ወረቀቱ ግን ግድግዳው ላይ በሙጫ ተጣብቋል፤ እሷም ቸኩላለች። ሮጣ ወጣች።

«እብድ ነሽ!» አለች እህትየው፣ ሁለቱ በቆርቆሮው አጥር ሥር ተንበርክከው። ቆርቆሮው ከታች ተቀዷል፤ ክንድ ያስገባል። በወዲያኛው በኩል ወንበዴ ሰንሰለቱ እስከሚፈቅድለት ተስቦ መጥቶ፣ የእትዬ አንቀጽን ጣቶች አንድ በአንድ ይልስ ነበር።

«ንከስ!» አለችው። «ንከስ እንጂ አንተ! ስምህ ወንበዴ አይደለም?»

ወንበዴ ጅራቱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ዝም ብለሽ ‹ነከሰኝ› ብለሽ ደውዪ። ማን ያያል?»

«ሐሰተኛ ምስክር? እኔ? ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ውሸት ስመዘግብ ኖሬ በጡረታዬ የራሴን ልጨምር? አፍሽን ታጠቢው!»

«እሺ እንግዲያው ንከሺው አንቺ፤ ምናልባት ይማራል።»

ሳቃቸውን በመሐረባቸው አፈኑት። በማግሥቱ ሥጋ ይዛ መጣችና አሳይታ ነጠቀችው፤ ወንበዴ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ጅራቱን ጎተተችው፤ ዞሮ አያትና እጇን ሳመ። እትዬ አንቀጽ ቆርቆሮውን ተደግፋ አለቀሰች። እንዲህ ያለውን ፍጥረት በብረት ማነቅ ምን ዓይነት ልብ ይጠይቃል? ንዴቷ እንባዋን ወዲያው አደረቀው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ምንም ሳትይዝ መጣች። ወንበዴ ድምጿን ሲሰማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቆሞ ዘለለ። በደስታ ነው የዘለለው። ሰንሰለቱ መሐል አየር ላይ ያዘውና ወደ ኋላ ጎተተው፤ ሲወድቅ የፊት እግሮቹ ክንዷ ላይ ተንሸራተቱ። እሷ ክንዷን ስባ አየች። ሦስት ቀይ መስመር፣ ከክርን እስከ አንጓ። ከመካከለኛው ላይ የደም ጠብታ ብቅ አለች፤ አበጠች፤ ወረደች።

«ቧጨረኝ!» ብላ ጮኸች። «ቧጨረኝ! ኧረ ቧጨረኝ! ደም አለው!»

እህትየው ከሰገነቱ አንገቷን አወጣች። «እልል ልበል ወይስ ፋሻ ላምጣ?»

«ስልክ! ስልኬን!»

«ሰላም፣ እንስሳት ቁጥጥር ነው» አለ ስልኩ።

«ውሻ ቧጭሮኛል! ደም እየፈሰሰኝ ነው!»

«አይዞዎት። ይረጋጉ። ይቅርታ... እየሳቁ ነው?»

«ድንጋጤ ነው፤ ሰው በየራሱ ነው የሚደነግጠው። መኪናው ወጣ?»

መኪናው በአሥራ ሰባት ደቂቃ ደረሰ። ግራጫ ነው፤ ከኋላው የሽቦ ቤት አለው። ተቆጣጣሪው ረጅም ዘንግ ይዞ ወረደ፤ የዘንጉ ጫፍ ላይ የገመድ ሸምቀቆ አለ። እትዬ አንቀጽን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፤ ክንዴ ይኸው፤ ግባ!»

ጎሚስታው እጁን በቡትቶ እየጠረገ በሩን ከፈተ። ሲነገረው ሳቀ። «የኔ ውሻ? ወንበዴ? ይሄ ሌባ ቢገባ መብራት የሚያበራለት ነው እኮ!» የእሷን ክንድ ሲያይ ሳቁ ቆመ። «ወዴት ነው የምትወስዱት?»

«ሐኪም ጋ» አለ ተቆጣጣሪው። «ምርመራ አለው። ሙሉ ምርመራ።»

የጎሚስታው ዓይን ካለፈው ጉብኝት ወዲህ ወዳልተፈታው የቆዳ ቀበቶ ሄደ፤ ተመለሰ። ከዚያ ድምፁን አለዝቦ እንዲህ አለ፤ «ሰው ከነካማ አደገኛ ነው። ምን ታንከራትቱታላችሁ? እዚሁ አስወግዱት። ባለቤቱ ከፈቀደ ይቻላል፤ ባለፈው የጎረቤቴን እንደዚያ አድርጋችኋል። አምጣ፣ እፈርማለሁ።»

«ይቻላል?» አለች እትዬ አንቀጽ።

«በመመሪያው ጀርባ ላይ ያለ ነው» አለ ተቆጣጣሪው መሬት መሬቱን እያየ። «ንዑስ አንቀጽ አራት።»

በጀርባው! ሠላሳ አንድ ዓመት የእያንዳንዱን ወረቀት ጀርባ ስታገላብጥ ኖራ፣ አንዷን፣ ይህችን አንዷን ሳታገላብጥ ሮጠች። የገደለችው እሷ ናት፤ በገዛ ብልጠቷ። ወንበዴ አይቷት ጅራቱን መሬት ላይ ይመታል። ተቆጣጣሪው ቅጹን ጎማ ላይ ዘርግቷል፤ ጎሚስታው እስክሪብቶውን ይዟል፤ ጫፉ ወረቀቱን ሊነካ ነው።

ያኔ ዓይኗ ቅጹ ላይ አረፈ።

«ቁም!» አለች። የጎሚስታው እጅ አየር ላይ ቀረ። «አንተ ልጅ! ተራ ቁጥር ሁለት ላይ ምን ይላል?»

«እ... ‹እንስሳው የተያዘበት ሰዓት›።»

«ሞልተኸዋል?»

«ገና ነው።»

«ሁለትን ሳትሞላ ሰባት ላይ ማስፈረም የት ነው የተማርከው? ያልተያዘ እንስሳ እንዴት ነው የሚወገደው? ይህን ወረቀት ይዘህ አለቃህ ፊት ብትቀርብ መጀመሪያ የሚወገደው አንተ ነህ! ያዘው። በሕጉ መሠረት ያዘው፤ ሰዓቱን ጻፍ፤ ከዚያ ይፈርም።»

«ምን ያደርጋል ይሄ ሁሉ...» አለ ጎሚስታው።

«ዝም በል አንተ! ፎርሙ ነው የሚናገረው!»

ተቆጣጣሪው ላቡን ጠረገ። ፎርም የሚፈራ ሰው ነው፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ ፍርሃቱ ለበጎ ዋለ። ዘንጉን ይዞ ተጠጋ። ሸምቀቆው ግን በወፍራሙ ቀበቶ ላይ አልቀመጥ አለ፤ አንዴ ተንሸራተተ፣ ሁለቴ። ወንበዴ ጸጥ ብሎ ቆመለት።

«ቀበቶውን ልፍታው» አለ።

«አትፍታው! ይናከሳል!» ጮኸ ጎሚስታው።

ተቆጣጣሪው ተንበርክኮ ዘለበቱን ፈታ። ቀበቶው ሲላቀቅ ከነፀጉሩ፣ ከነእርጥበቱ መጣ። ሽታው ግቢውን ሞላው። ወንበዴ አልነከሰም፤ እንደ ሕፃን ቀጭን ድምፅ አሰማ፤ ይኸው ነው። የአንገቱ ዙሪያ ቀይ ቦይ ሆኗል፤ ከቦዩ ውስጥ አልፎ አልፎ የብረት ቀለበት ብቅ ይላል፤ የቀረው ሥጋ ውስጥ ነው።

ተቆጣጣሪው እጁን ዘርግቶ ቀረ። «ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ» አለ ለራሱ። «ሦስት ጊዜ።»

«ፀጉሩ ሸፍኖት ነው!» አለ ጎሚስታው። «እኔም ገና አሁን ማየቴ ነው፣ እናቴን!»

«ውሸታም!» የሚል ድምፅ ከሰማይ ወረደ። ሁሉም ቀና አሉ። እህትየው ሰገነቱ ጠርዝ ላይ፣ እርጥብ አንሶላ እንደያዘች ቆማለች። «ቀበቶውን ስታስርበት አይቼሃለሁ! አፍንጫህን በክንድህ ይዘህ ነበር! ሰማኸኝ? የኔንም ስም ጻፍ አንተ ልጅ! እህቷ ነኝ፤ አይቻለሁ!»

ጎሚስታው እስክሪብቶውን ጎማው ላይ ወረወረ። ተቆጣጣሪው ብድግ አለ፤ ቅጹን ለሁለት ቀደደው፤ ለአራት ቀደደው። ዘንጉን ለሾፌሩ ሰጠና ውሻውን በሁለት እጁ አቅፎ አነሳው፤ ሰንሰለቱን ከምሰሶው በመቁረጫ አስቆረጠ።

«አሁን ያየሁት እኔ ራሴ ነኝ» አለ ለጎሚስታው። «ይሄ ጥቆማ አይደለም። ደብዳቤም አይላክልህም። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮ ትቀርባለህ።»

ወንበዴ የሽቦው ቤት ውስጥ፣ በተጣጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ተጋደመ። እትዬ አንቀጽ ዘልላ ልታቅፈው ምንም አልቀራትም። ተቆጣጣሪው ግን ፊቱ አልፈታም።

«አንድ ችግር አለ። ጥሪው የተመዘገበው ‹ሰው የጎዳ እንስሳ› ተብሎ ነው። ሐኪሙ ቢያድነውም በአሥረኛው ቀን ኮሚቴ ይቀመጥበታል። ደም ያፈሰሰ ውሻ ሲሆን ኮሚቴው ብዙ ጊዜ...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

«የሚቀረው እንዴት ነው?»

«ተጎጂው ራሱ ተንኩሶት ከሆነ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ግን ጥፋቱ የተጎጂው ይሆናል። እንስሳን ሆን ብሎ መተንኮስ ያስከስሳል። ስምዎ መዝገብ ላይ ይወጣል።»

መዝገብ። እትዬ አንቀጽ ስንቱን ስም በገዛ እጇ መዝገብ ላይ አውጥታለች፤ የራሷ ስም ግን ለመንጃ ፈቃድ ቅጣት እንኳ ወጥቶ አያውቅም። በዚህ ትኮራለች፤ በዚህ ብቻ ትኮራለች ቢባልም ሐሰት አይሆንም። ወንበዴ በሽቦው መሐል አፍንጫውን አሾልኮ ይተነፍሳል።

«ጻፍ» አለች።

«ያስቡበት...»

«ጻፍ አልኩህ! እኔ ስሜ ከዚህ በላይ የተጻፈው፣ በአጥሩ ቀዳዳ እጄን ያስገባሁት ራሴ ነኝ። ሥጋ አሳይቼ ነጥቄዋለሁ። ጅራቱን ጎትቻለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲነክሰኝ ለምኜዋለሁ፤ እምቢ ብሏል። የቧጨረኝ በደስታ ሲዘልል ሰንሰለቱ ስለጎተተው ነው። ጻፍከው?»

«‹እምቢ ብሏል›ንም?»

«በተለይ እሱን!»

ጉንጯ በደስታ እንደ ወጣት ቀልቶ ፈረመች፤ ወረቀቱን አገላበጠችና ጀርባውን ደግሞ አነበበች። ከዚያ ከሾፌሩ ጎን ዘልላ ገባች፤ እሷም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ መወጋት አለባት። እህትየው ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ደረጃውን ስትወርድ «ጠብቁኝ! እኔም ምስክር ነኝ!» ትላለች።

«ሌላ የሚጨምሩት ቃል አለ?» ሲል ጠየቀ ተቆጣጣሪው በመስኮቱ በኩል፤ ልማድ ሆኖበት ነው።

«አለ» አለች እትዬ አንቀጽ። «ስለ አምስቱ ቀን ደብዳቤ ነው። ወረቀት ጨምር።»