ጥሬው የቀቀለው እንቁላል

የሚስቴ ወንድም የሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ «ሼፉ» ይለዋል። እኔን ደግሞ «ጥሬው» ይሉኛል። ሚስቴን ባገባሁ ሰሞን ለአማቴ ያቀረብኩት እንቁላል ሳይበስል ቀርቶ አስኳሉ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። ስሙን ያወጣልኝ ሼፉ ነው፤ የሳቁት ግን ሁሉም ናቸው። ይኸው ሃያ ዓመት ሆነው። እነሱ ረስተውት ይሆናል፤ እኔ ማን ምን ያህል እንደሳቀ አሁንም አውቃለሁ።

ልጃችን ትምህርቷን ስትጨርስ ጓደኞቿን ምሳ ጠራች። «አባዬ፣ እንቁላሉን አንተ ቀቅልልኝ» አለችኝ። በእንግዶቿ ፊት ጥሬው ከተባልኩ፣ ከዚያ ወዲያ ቀና ብዬ አላያትም።

የሕንፃ ጥበቃ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጥበቃ ቤቷ ምድጃ ምሳዬን ስቀቅል ኖሬያለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ እያበላሸሁ ነው የተማርኩት።

ሼፉ በጠዋት አንድ ትሪ እንቁላል ተሸክሞ ከተፍ አለ።

«ዶሮዎቼ ዛሬ የጣሉት ነው፤ ገና አልቀዘቀዘም። ያንተስ?»

«አሥር ቀኑ ነው።»

«ለእንግዳ የከረመ እንቁላል? ኧረ ጥሬው!»

ምድጃውን ተካፈልን። እኔ ቀዝቃዛ ውሃ ከእንቁላሉ አንድ ጣት ከፍ እስኪል ሞላሁ። ሲፍለቀለቅ እሳቱን ቀነስ አድርጌ ሰዓቴን ያዝኩ፤ አሥር ደቂቃ። ሼፉ ሰዓት አያይም፤ «እጄ ያውቃል» ባይ ነው። የኔን አውጥቼ በረዶ ውሃ ውስጥ ነከርኩት።

እንግዶቹ ሲቀመጡ መላጥ ጀመርን። ወፍራሙን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ መታ አደረግሁት፤ አየሩ ያለው እዚያ ነው። ቅርፊቱ እንደ ካልሲ ወለቀ። ሁለተኛውም፣ አሥረኛውም።

ወደ ጎኔ ዞር አልኩ። የሼፉ እንቁላል ነጩ ከቅርፊቱ ጋር እየተገነጠለ አይጥ የበላው ሳሙና መስሏል። የዕለት እንቁላል ቅርፊቱን አይለቅም። ይህን እኔ በጥበቃ ቤቷ በመጀመሪያው ወር ነው ያወቅሁት፤ እሱ ያን ሁሉ ዓመት ነጩን የሼፍ ቆብ ደፍቶም ይህን አላወቀም።

«እኔ እንኳ ለሰላጣ ነበር ያሰብኩት» አለ።

«አጎቴ፣ ሰላጣው የታለ?» አለች ልጃችን። ጓደኞቿ በሳቅ ፈነዱ። እኔ አልሳቅሁም፤ ሆዴ ግን ይስቃል።

ከእንግዶቹ ጋር የተቀመጡት አማቴ ከኔ እንቁላሎች አንዱን አንስተው ለሁለት ከፈሉት። አስኳሉን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት፤ ደማቅ ቢጫ፣ ዙሪያው አረንጓዴ ያልነካው። በሉት። ከዚያ ሳህናቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ።

«ልጄ፣ እስቲ አንድ ጨምርልኝ።»

በሃያ ዓመት ውስጥ ልጄ ብለውኝ አያውቁም። ሼፉ ሰምቷል። ልጃችንም ሰምታለች።

ሁለት ላጥኩላቸው።