በልጅ ልጃቸው ስም የተማሩት አናጢ

ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት በዚያች ጠባብ ሳሎን ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ አናጢው፣ ልጃቸው፣ የልጃቸው ባልና የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው። አምስተኛዋ መምህርቷ ነበረች፤ እሷ ግን የምትመጣው በበር ሳይሆን፣ ጠረጴዛው ላይ የስኳር ዕቃ ተደግፎ በቆመው ታብሌት ነው። ቀጠሮው ለዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር።

ልጅቷን ከትንሽነቷ የተነሣ ቤተሰቡ ድምቢጥ ይላታል። ድምቢጥ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ እግሯ መሬት ሳይነካ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሆቴል ውስጥ አንሶላ የምታጥበው እናቷ ጸጉሯን ለሦስተኛ ጊዜ ታስተካክልላታለች። አባቷ ቀለም ቀቢ ነው፤ እጁን ሁለቴ ቢታጠብም ጥፍሩ ሥር ያለው ነጭ ቀለም አልለቀቀም።

«ድምቢጤ፣ ዛሬ እንዳታሳፍሪኝ» አላት። «ጠዋት ምን በላሽ ካለችሽ ዳቦና ወተት ነው የምትዪው። እስቲ በይውና ልስማው።»

ድምቢጥ የቀሚሷን ቁልፍ ታሽከረክራለች።

«ተዋት እንግዲህ፤ ያላትንም ልታስጠፋባት ነው» አለች እናትየው።

«በታብሌቱ ትምህርት ስምንተኛ ደረጃ የደረሰች ልጅ ዳቦ ማለት ይጠፋታል? እኔ አምና ቀድሜ መጥቼ፣ ስንት አሠሪ ጮሆብኝ የያዝኩትን ቋንቋ እሷ በአራት ወር ጠጣችው። በማን እንደ ወጣች እንጃ እንጂ በእኔ አይደለም።»

«እሱንስ ማንም ያውቃል» አለች ሚስቱ።

አናጢው መስኮቱ ሥር ካለው ዱካ ላይ ሆነው ይህን ሲሰሙ ዓይናቸውን ወደ ውጭ ላኩ። በማን እንደ ወጣች የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ቤተሰቡ አባትየውን ተከትሎ ወደዚህ አገር ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም። ድምቢጥ መጀመሪያ የገባችው ሠላሳ ሁለት ልጆች ያሉበት ትልቁ ክፍል ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቃል አልወጣትም። አንድ ቀን ለመውጣት ፈቃድ እንዴት እንደሚጠየቅ ስላላወቀች ተቀምጣ ሳለች ሽንቷ አመለጣት። ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ጫማዋን ሲያስሩላት ሆዷን በሁለት እጇ ትይዝ ጀመር። መምህርቷ ይህን ስትሰማ ስድስት ልጆች ብቻ ወደሚማሩበት ትንሽ ክፍል ወሰደቻት። እዚያ በአንድ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ የተሳሳተ ልጅ አይሳቅበትም። ድምቢጥ በሁለተኛው ሳምንት «ውሃ» አለች፤ በሦስተኛው «ውሃ ስጡኝ» አለች። ሆዷን መያዝም ተወች።

ለትንሹ ክፍል ልጆች ትምህርት ቤቱ ለየቤታቸው ታብሌት አዋሰ። በውስጡ ለሕፃናት የተሠራ የቋንቋ ትምህርት አለ። ስዕል ያሳያል፣ ቃሉን ይናገራል፣ ልጁ መልሱን በጣቱ ይነካል። በትክክል ከነካ አንዲት ቀበሮ ብቅ ብላ ታጨበጭባለች። አንዱ ደረጃ ሲያልቅ የሚቀጥለው ይከፈታል።

አናጢው ጉልበታቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ መጋዝ አልያዙም። ቀን ቀን ሁሉም ወደየሥራው ሲሄድ እሳቸው ከአራት ግድግዳ ጋር ይቀራሉ። አንድ ጊዜ ዳቦ ቤት ሄደው በጣታቸው ሲጠቁሙ ሻጯ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ ደግማ ጠየቀቻቸው፤ ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዳቦውን ትተው ወጡ። ቤት ሲገቡ ታብሌቱ ሶፋው ላይ ነበር። ከፈቱት። «ዳቦ» የሚለውን እስኪያገኙ አላቆሙም።

ከዚያ በየቀኑ ሆነ። የሚያፍሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መናገር። «ድገመው» ሲባሉ «አሁን አልችልም» የሚለውን ነክተው ያልፉና፣ ወጥ ቤት ገብተው በሩን ዘግተው ለድስቱ ይናገሩታል።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ የሰረቁ አልመሰላቸውም። በእንጨት ሥራ አንድ ወግ አለ። ጥሬውን ሳንቃ መጀመሪያ በመላጊያ የሚልገው ጌታው ነው፤ ለተማሪው የሚተወው ማለስለሱን ነው። ጀማሪ ጥሬ ሳንቃ ላይ ከተለቀቀ እጁም ይቆስላል፣ ሥራውንም ይጠላል። አናጢው ከድምቢጥ ፊት ፊት የሄዱት ይህን አስበው ነበር። ከባዱን ትምህርት እሳቸው ቀድመው ከላጉት ለእሷ የሚቀልላት መሰላቸው። እሷማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያለቀውን የሁለተኛውን ደረጃ የእንስሳት ትምህርት እየደጋገመች ከዝሆኑ ጋር ትስቃለች። ቀበሮዋ ባጨበጨበች ቁጥር ነገሩ በመምህርቷ መዝገብ ላይ እንደሚሰፍር፣ በማን ስም እንደሚሰፍርም አልጠረጠሩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

ማክሰኞ ዕለት ደብዳቤ መጣ። ቀለም ቀቢው ቆሞ አነበበው። ልጅቷ ስምንተኛ ደረጃ ስለ ደረሰች ከሰኞ ጀምሮ ወደ ትልቁ ክፍል ትመለሳለች፤ ሆኖም የመናገር መልመጃዎቹ ሁሉ ስለታለፉ መምህርቷ ቅዳሜ በቪዲዮ ልታናግራት ትፈልጋለች ይላል። አባትየው ልጁን ወደ ላይ ወርውሮ ቀለባት። ለሥራ ጓደኞቹ ስልክ ደወለ። አናጢው የያዙትን ብርጭቆ ቀስ ብለው አስቀመጡ።

ረቡዕ ጠዋት ድምቢጥ ጫማዋ ሲታሰርላት ሆዷን ያዘች።

ሦስት ጊዜ ሊናገሩ ተነሡ። አንዴ ልጃቸው ደክማ ስትገባ፣ አንዴ አማቻቸው ሲላጭ፣ አንዴ ደረጃው ላይ። ሦስቴም ምላሳቸው ታሰረ። የአማቻቸው ደስታ አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌ ሰው የልጅ ዕቃ ሲነካካ መያዙ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ደግሞ ታብሌቱ ሲሰጥ አማቻቸው የፈረመበት ወረቀት ነበር፤ ከተማሪው በቀር ሌላ ሰው ከተጠቀመበት ይመለሳል ይላል። ኋላ አንድ ማምለጫ አገኙ። ቅዳሜ ልጅቷ ስትጠየቅ አትመልስም፤ መምህርቷም አይታ ትንሹ ክፍል ውስጥ ታስቀራታለች። እኔ አፌን ሳልከፍት ነገሩ ራሱ ይፈታል አሉ በልባቸው። ሆድ ይፍጀው ብለው ሦስት ቀን ከረሙ።

ታብሌቱ ጮኸ።

መምህርቷ ፈገግ ብላ ብቅ አለች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች። በአገሩ ቋንቋ ሰላምታ ሰጠችና ወደ ድምቢጥ ዞረች። ጠዋት ምን እንደበላች ጠየቀቻት።

ድምቢጥ የቀሚሷን ቁልፍ ማሽከርከር ጀመረች።

አባትየው ከታብሌቱ ጎን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «ዳቦ» አለ።

መምህርቷ እንደገና ጠየቀች። አንድ የቤት ስዕል አሳየች፤ በሩ የቱ ጋ ነው አለች። ድምቢጥ ጣቷን ልታነሳ ብላ ተወችው። ሁለት እጇ ሆዷ ላይ አረፈ።

መምህርቷ ፈገግታዋን ሰበሰበች። ወደ አባትየው ዞራ ቀስ ብላ፣ ረዘም አድርጋ ተናገረች። ለአናጢው ግን ንግግሯ እንደ ጎርፍ ነበር። ከጎርፍ ውስጥ እንጨት እንደሚለቅም ሰው የሚያውቁትን ቃል አንድ በአንድ ያዙ። ትንሹ ክፍል። ስድስት ወንበር። ሌላ ልጅ ይጠብቃል። ዓይን አፋር ብቻ ከሆነች ሰኞ ትሂድ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ሠርቶላት ከሆነ አሁን ንገሩኝ። እኔ አልቆጣም።

«ምን አለች?» አለች እናትየው።

ቀለም ቀቢው ዓይኑን ከታብሌቱ ሳያነሣ መለሰላት። «ዓይን አፋር ናት፣ ትለምዳለች፣ ሰኞ ትሂድ አለች።»

«ያ ሁሉ ንግግር ይኼ ብቻ ነው?»

«ሌላው ምስጋና ነው። ጎበዝ አሳድጋችኋል ነው።»

አናጢው አማቻቸውን አዩት። ሰውየው ውሸታም አይደለም። ልጁ ዳቦ ማለት ሲጠፋት አጠገቧ ተቀምጦ እያየ፣ ስምንት የሚለውን ቁጥር ግን ከዓይኑ አብልጦ አምኗል። ለእሱ ትልቁ ክፍል ማደግ ነው። ሽንቷ ያመለጣት ዕለት እሱ ሌላ ከተማ ግንብ ላይ ወጥቶ ቀለም ሲቀባ ነበር፤ እርጥቡን ልብስ ያጠቡት እሳቸው ናቸው።

«እሺ በላት» አለች እናትየው፤ ድምፅዋ ግን እሺ አላለም። «ድምቢጥ፣ ትሄጃለሽ አይደል?»

ልጅቷ እናቷንም አባቷንም አላየችም። ጫማዋን ነበር የምታየው።

ቀለም ቀቢው ወደ ታብሌቱ ጠጋ ብሎ በአገሩ ቋንቋ «እሺ፣ ሰኞ» አለ። መምህርቷ አንድ ነገር ልትጽፍ ብዕር አነሳች።

አናጢው ከዱካው ተነሡ። ጉልበታቸው ቋ አለ። ወጥ ቤት አልነበሩም፤ በር አልተዘጋም፤ የሚሰማቸውም ድስት አይደለም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ አንዴ ከወጣ የማይመለስ መሆኑን ያውቃሉ። የታብሌቱን ጠርዝ ይዘው ወደ ራሳቸው አዞሩት።

«እንደምን ዋሉ» አሉ። በራሳቸው ቋንቋ አልነበረም።

እናትየው ወደ አባቷ ዞረች።

«አባቴ?» አለ አማቻቸው።

እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት። የሚያውቁት የልጆች ትምህርት ስለሆነ የወጣላቸውም እሱ ነው። «እኔ አናጢ ነኝ። ዕድሜዬ ስልሳ ስምንት ነው። ልጅቷ ትንሽ ናት። ልጅቷ ሁለት። እኔ ስምንት።»

መምህርቷ ብዕሯን አስቀምጣ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «ማን ነው የተማረው?» አለች፤ አንድ አንዱን ቃል ለይታ።

«እኔ። ጠዋት። ልጅቷ ትምህርት ቤት፣ እኔ ቤት።»

«እሷስ?»

«እሷ ዝሆን። ዝሆን ብቻ።»

«አባዬ፣ ምን እያልካት ነው? ደግሞስ ከየት አመጣኸው?» አለች ልጃቸው። የባሏ ፊት ሲጠቁር ስታይ ግማሹ ገባት።

መምህርቷ «ለምን?» ስትል ጠየቀች። ይህን የሚመልስ ቃል አናጢው ዘንድ አልነበረም። ወደ አማቻቸው ዞሩ። «ንገርልኝ» አሉት። «ጥሬ ሳንቃ የሚልገው ጌታው ነው በላት። የሚቀልላት መስሎኝ ነው በላት። ዳቦ መግዛትም ፈልጌ ነበር በላት፤ እሱንም አትዝለል። እንዲያ ሰብስባ የያዘቻት ልጅ ትልቁ ክፍል ከገባች ትጠፋብናለች በላት።»

«እርስዎ ነዎት እንግዲህ ስምንቱ» አለ ቀለም ቀቢው። ድምፁ ደርቋል። «እኔ ለሰው ሁሉ አውርቼ። ነገ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?»

«ስታወራላቸው ባየሃቸው ዓይን» አለች ሚስቱ። «አሁን ንገራት። ያለችውን ቆርጠህ እንዳስቀረህብኝ የእሱንም እንዳትቆርጥ።»

ነገራት። መጀመሪያ እየተቆራረጠ፣ ኋላ ግን እንደ ሰው ተናገረ። መላጊያ የሚለውን ስላላወቀው ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ወዲያ ወዲህ እየሳበ አሳያት። ድምቢጥ ያን ጊዜ ቀና አለችና አያቷን በሹክሹክታ ጠየቀች።

«አባባ፣ ቀበሮዋ ላንተም ታጨበጭባለች?»

«አዎ» አሉ።

መምህርቷ አንድ ነገር ጻፈች። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። በአገሩ ቋንቋ ለአናጢው ብቻ፣ ለልጅ እንደሚነገር አጭር አጭር አድርጋ ተናገረች። አናጢው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን አለች?» አለች ልጃቸው፤ አሁን የጠየቀችው ባሏን ሳይሆን አባቷን ነበር።

«ወንበሩ የድምቢጥ ነው አለች። ታብሌቱ ግን ይመለሳል። ደንብ ነው።»

ቀለም ቀቢው ተነሥቶ ውሃ ሊጠጣ ወጥ ቤት ገባ፤ ቧንቧው ብዙ ጊዜ ሲፈስ ተሰማ።

ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት አናጢው ታብሌቱን በፎጣ ጠቅልለው ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ አስረከቡና ፈረሙ። የድምቢጥ ደረጃ ወደ ሁለት ተመለሰ፤ እሷም ወደ ትንሹ ክፍል ገባች። ቀለም ቀቢው አማቱን እስከ ሐሙስ ድረስ አላናገራቸውም።