ግማሽ ኪኒን

እናታችን ሁለት ወንድ ልጅ ስታሳድግ አንድ ሕግ ብቻ ነበራት፤ እኩል። ዳቦ ሲኖር ታላቄ ጋሼ ይቆርሳል፣ እኔ እመርጣለሁ። በዚህ ሕግ ጥርስ አወጣን፣ በዚሁ ሕግ አረጀን።

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት የደም ካንሰር ይዞኝ፣ በቀን አንድ ኪኒን እየዋጥኩ መሰላሌ ላይ ተመለስኩ። አምና ደግሞ ግንበኛው ጋሼ ጉበቱ ላይ ዕጢ ተገኘበት። እኔንም የምታክመኝ ሐኪም፣ "አልተሰራጨም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ በዚህ ወር ይውጣ" አለች። አምስተኛ ፎቅ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚያፏጨው ሰውዬ ቀዶ ጥገና ሲባል እምቢ ብሎ ቤቱ ገባ።

"ያንተም ካንሰር፣ የኔም ካንሰር። ያንተን ኪኒን ስጠኝ" አለኝ።

"ሐኪሟን ልጠይቃታ።"

"ምኑን ነው የምትጠይቀው?" አለች እማዬ። "ወንድምህ እየሞተ ብቻህን ልትድን?"

ሐኪሟን ሳልጠይቃት ቀረሁ። ዝም አይነቅዝም ያለ ሰው የእኛን ቤት አላየም።

ኪኒኑን በምላጭ ለሁለት ቆረጥኩ፤ በዚህኛው ተራ ጋሼ መረጠ። አራት ወር እንዲህ ዋጥን። "ተሻለኝ" ይላል፣ አምነዋለሁ። እኔ ጅሉ የፈራሁት ግማሹ እንዳያንሰው ነበር።

ከዚያ የኔ የደም ምርመራ ተበላሸ። ሐኪሟ ስታፋጥጠኝ ሁሉንም ተናገርኩ። ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

"ያንተ ሕመም ደም ውስጥ የሚዞር ነው፤ መድኃኒቱ እዚያው ያገኘዋል። የሚያራባው ደግሞ ሴሎቹ ውስጥ ያለ አንድ ብልሽት ነው፣ ኪኒኑ የተሠራው እሱን ለማጥፋት ነው። የወንድምህ ዕጢ ያ ብልሽት የለውም። ጥቅጥቅ ብሎ የተቀመጠ ነገር ስለሆነ ብዙ መድኃኒት ውስጡ ድረስ አይዘልቅም። ሙሉውን ቢውጠውም አይሠራለትም ነበር! አንተ ደግሞ ግማሹን እየዋጥክ በሽታህን ከመድኃኒቱ ጋር አለማመድከው፤ ከእንግዲህ አይገታውም።"

"ዕጢው አሁን ቢወጣለትስ?"

ጋሼን አስጠርታ ካስመረመረችው በኋላ፣ "አሁን ተሰራጭቷል" አለችኝ።

ስነግረው ጋሼ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ያንተንም በላሁብህ" አለ። መናደድ ፈልጌ ነበር፤ አቃተኝ። አለቀስኩ።

ምንም ያልሰማችው እማዬ ብርቱካን ይዛ ገባች። መሃሉን በዓይኗ ለክታ ቆረጠችና ለጋሼ ዘረጋችለት።

"እኩል ነው፤ ምረጥ።"

ጋሼ ሁለቱንም ወደ እኔ ገፋቸው።

"ይሄን እንኳ ብቻህን ብላው።"

"ምን የሚሉት አድልዎ ነው?" ብላ እማዬ ተቆጣች።